ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል፣ በባዶ እግር

ያን ቅዳሜ ሰሎሜ ከሌላው ቀን ቀድማ ተነሣች። ደጁን ጠረገች፤ የሳሎኑን መጋረጃ ቀየረች፤ የአባቷን ወንበር ሁለት ጊዜ ወለወለች። እናቷ ወይዘሮ ፈንታዬ ከጓዳው በር ላይ ቆማ በዓይኗ ስትከተላት ቆየች።

"ዛሬ ምን ታይቶሽ ነው? ዓመት በዓል ደርሶ እኔ ነኝ የረሳሁት?"

"ቤቱ አቧራ ይዞ ነበር፣ እማዬ።"

ቤቱ አቧራ መያዙ እውነት ነው። ያልተናገረችው ከሦስት ሳምንት በፊት ከሞጣ የደረሳትን ደብዳቤ ነው። ባንተአምላክ እንዲህ ብሎ ጽፎላታል፦ "ኅዳር በገባ በመጀመሪያው ቅዳሜ አጎቴ ጋሽ ያየህ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ወደ እናንተ ቤት ይመጣሉ። ዓርብ ቢቸና ገብተው ያድሩና ማልደው ይደርሳሉ። አንቺ ምንም እንዳልሰማሽ ሁኚ።"

ምንም እንዳልሰማ መሆን ለሰሎሜ አዲስ ነገር አይደለም። ዩኒቨርሲቲ ሳለች እንኳ ጓደኞቿ ሲያወሩ ዳር ሆና የምትሰማ፣ ተራ ሲደርሳት ፈገግ ብላ የምታሳልፍ ልጅ ነበረች። ዛሬ ያስቸገራት ልቧ ነው። ደረቷ ውስጥ አልቀመጥ ብሏል።

አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ሲሆን እንደ ልማዷ ጫማዋን ደጃፉ ላይ አወለቀች። ብርድ ስለነበር ከገመዱ ላይ ያገኘችውን ነጠላ ሳታይ ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገችና ከአጥሩ በር አጠገብ ካለችው ሣር ካልበቀለባት ቦታ ሄዳ ቆመች። ጥቁሩ ዋልካ ጤዛ ጠጥቷል። ቅዝቃዜው ከጣቶቿ ተነሥቶ ቁርጭምጭሚቷ ጋ ሲደርስ ትንፋሿን ዋጥ አደረገች።

"ዛሬ እንኳ ብትተዪው ምን አለበት?" አለች ፈንታዬ። "አራት ወር ሙሉ ስለት ነው ወይ ብዬ ብጠይቅሽ አይደለም አልሽ። ንስሐ ነው ብልሽ አይደለም አልሽ።"

"ለእንቅልፍ ነው አልኩሽ እኮ።"

"እንቅልፍ አልጋ ላይ ነው የሚፈለገው ልጄ። አፈር ላይ ቆሞ የሚተኛ በቅሎ ብቻ ነው።"

እናቷ እየሳቀች ወደ ቤት ገባች። ሰሎሜ ሃያ ደቂቃዋን መቁጠር ጀመረች። አሥር ያህል እንዳለፈ ከአጥሩ ውጭ የዱላ ድምፅ ሰማች። ዱላው በሩ ጋ ሲደርስ ቆመ። በቆርቆሮው በር ክፍተት የጋቢ ጫፍ አየች፤ ከጋቢው ኋላ ደግሞ ሌላ ጋቢ። እነሱ ናቸው። ፊቷ ጋለ። ቀና ብላ ልታያቸው አልደፈረችም፤ ወደ ቤት እንዳትሮጥም እግሯ አልታዘዝ አላት። አንገቷን ደፋች፤ የነጠላዋን ጫፍ ስባ አፏ ላይ ያዘች፤ ዓይኗን መሬቱ ላይ ተክላ በሩ እስኪንኳኳ ጠበቀች።

በሩ አልተንኳኳም። ዝግ ያለ ንግግር ሰማች። አንዱ በረጅሙ ተነፈሰ። ከዚያ ዱላው በመጣበት መንገድ ቀስ እያለ ራቀ።

ቀና ስትል ክፍተቱ ባዶ ነው። መንገደኞች ይሆናሉ አለች። እስከ ረፋዱ ጠበቀች፤ እስከ ቀትር ጠበቀች። አባቷ አቶ ፍቅረ ሥላሴ የተወለወለው ወንበር ላይ ተቀምጦ ሬዲዮ ሲሰማ አረፈደ። አመሻሹ ላይ የተቀየረውን መጋረጃ ስታይ አፈረች፤ ማንም ያላወቀባት ኀፍረት ስለሆነ ደግሞ የምታካፍለው ሰው አጣች።

*

ነገሩ የተጀመረው በኮምፒዩተር ነው። ሰሎሜ ቢቸና በመሬት አስተዳደር ቢሮ ትሠራለች። ባለፈው ሐምሌ መጀመሪያ የኮምፒዩተሯ ብረት በነካችው ቁጥር ጣቷን ይነዝራት ነበር። የቢሮውን መስመር እንዲያድስ ከሞጣ የመጣው የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጠረጴዛዋ ሥር ገብቶ ቆየና አቧራ ለብሶ ወጣ።

"ኧርዝ የለውም" አላት።

"ምን የለውም?"

"ወደ መሬት የሚወርድ ሽቦ። የባከነው ኃይል መሄጃ ሲያጣ ባገኘው ሰው በኩል ይወርዳል።"

"በእኔ በኩል ማለት ነው?"

"ለጊዜው በአንቺ በኩል" አለና ሳቀ።

ባንተአምላክ ይባላል። ሲናገር ፒንሳውን በእጁ ያገላብጣል፤ ሲያዳምጥ ያስቀምጠዋል። በሦስተኛው ቀን ዓይኗ ለምን እንደቀላ ጠየቃት። ማንም ጠይቋት ስለማያውቅ ነገረችው፤ ከተማው ውስጥ ተኩስ ከተሰማበት ሌሊት ወዲህ እንቅልፍ እንደራቃት፤ ዝም ባለ ጊዜም ጆሮዋ እንደሚጠብቅ። ፒንሳውን አስቀመጠ። ብዙ ቆይቶ፣ ሰውም እንደ ዕቃው ከመሬት ጋር መገናኘት አለበት የሚሉ ሰዎች በስልኩ ማየቱን አጫወታት። ጠዋት ጠዋት ሃያ ደቂቃ በባዶ እግር አፈር ላይ መቆም ነው፤ ሌላ ምንም የለውም።

"አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ቁሚ" አላት ሥራውን ጨርሶ ሲሄድ። "እኔም ሞጣ በዚያው ሰዓት እቆማለሁ። መንገድ ሊዘጋ ይችላል። መሬቱን ግን የሚዘጋው የለም።"

ዳታ በጠፋበትና ስልክ አንድ ቀን ሠርቶ ሦስት ቀን በሚጠፋበት ጊዜ፣ ደብዳቤዎቻቸውን የሚያመላልሰው የሞጣው መስመር ሚኒባስ ሹፌር ሐብታሙ ነበር። ክረምቱን ጭቃው ውስጥ ቆመች። በሁለተኛው ሳምንት አንድ ሌሊት ሳትነቃ ነጋ። በወሩ ማታ መብራት አጥፍታ መተኛት ቻለች። ያዳናት አፈሩ ይሁን፣ ሌላ ከተማ ላይ በዚያች ደቂቃ ጫማውን የሚያወልቅ ሰው መኖሩን ማወቋ ይሁን ለይታ አታውቅም። ለመለየትም አልቸኮለችም ነበር፤ ሁለቱም ስላሉ።

አሁን ግን ሽማግሌዎቹ አልመጡም። ወይም መጥተው፣ በባዶ እግሯ አፈር ላይ የቆመች ልጅ አይተው፣ ጤነኛ አይደለችም ብለው ተመለሱ።

ረቡዕ ሐብታሙ ቢሮዋ ድረስ መጥቶ ፖስታ ሰጣት። ሌላ ጊዜ ይቀልድ የነበረው ሰው ዛሬ ባርኔጣውን አውልቆ "በርቺ እንግዲህ" ብሏት ሄደ።

"ለሰሎሜ፦ ኀዘንሽን ሰማሁ። ቀድሜ ባለማወቄ ይቅር በይኝ። እግዜር ያጽናሽ። እስክትጽናኚ ድረስ በምንም ነገር አላስቸግርሽም። ዓመትም ቢሆን እጠብቃለሁ። ባንተአምላክ።"

አራት ጊዜ አነበበችው። የምን ኀዘን? ምሳ ሰዓት ላይ ቤት ሄዳ እናቷን ጠየቀች።

"እማዬ፣ ሰሞኑን የሞተብን ሰው አለ?"

ፈንታዬ የያዘችው ሰፌድ ከእጇ ሊወድቅ ምንም አልቀረውም። "ማን ሞተ? ደጀን ያለችው እህቴ ናት? ተናገሪ።"

"ኧረ ማንም አልሞተም። እንዲያው ነው የጠየቅሁት።"

"እንዲያው ተብሎ እንዲህ ያለ ነገር ይጠየቃል? አንቺ ልጅ፣ መሬቱ ጭንቅላትሽ ላይ እየወጣ ነው።"

ታዲያ ምን ማለቱ ነው? ሽማግሌዎቹ አይተው ሳይፈልጓት ቀርተው ይሆናል፤ እሱ ደግሞ ፊት ለፊት መናገር አፍሮ በዚህ መንገድ ማጽናናቱ ይሆናል። ግን እጠብቃለሁ ይላል። የማይፈልግ ሰው ምን ይጠብቃል? የተተወች መሆኗንም የተፈለገች መሆኗንም ከአንድ ወረቀት ላይ አነበበች። የሐሙስንና የዓርብን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኗ ሳይዞር አነጋች። ሁለቱንም ጠዋት ግን ወጥታ ቆማለች። አፈሩ ቀዝቃዛ ነበር፤ ከዚያ በላይ ምንም አልነበረም።

*

ቅዳሜ ጠዋት ጫማዋን አሰረች።

"ሞጣ ደርሼ እመጣለሁ" አለች።

"ሞጣ ማን አለሽ?" አለች ፈንታዬ።

"ሰው።"

እናቷ ረጅም ጊዜ አየቻት። ከዚያ ነጠላዋን አስተካከለችላት።

ሚኒባሱ ደብረ ወርቅን አልፎ ሞጣ እስኪገባ ሰሎሜ የምትናገረውን አንድ ዐረፍተ ነገር ስታስተካክል ነው የመጣችው። የባንተአምላክን ሱቅ የጨርቅ ነጋዴው ጋሽ ሳሊህ አሳያት፤ "ባንተአምላክን ነው? ከእኔ ቀጥሎ ያለው ነው፤ ሽቦ የተጠመጠመበት" አላትና ቀድሟት ጮኸ፦ "ባንቴ፣ እንግዳ።"

ባንተአምላክ ወጣ። ሲያያት እንደ ማንኛውም ሰው ፈገግ አላለም። ፒንሳውን ኪሱ ከተተ፤ ሁለት እጁን አጣምሮ እንደ ለቅሶ ደራሽ አጎንብሶ ቆመ።

"እግዜር ያጽናሽ" አላት።

መንገድ ሙሉ ያዘጋጀችው ዐረፍተ ነገር ጠፋባት። "ማን ነው የሞተብኝ?" አለች።

"እኔም እሱን ልጠይቅሽ እየፈራሁ ነበር።"

"ማንም አልሞተብኝም፣ ባንተአምላክ።"

ያጣመረውን እጁን ፈታ። ከዚያ ቀስ እያለ፣ የተቆረጠ መስመር እንደሚፈልግ ሰው፣ የሆነውን ነገራት። አጎቱና ሽማግሌዎቹ በሩ ጋ ሲደርሱ ልጅቷን አይተዋታል። ባዶ እግሯን ናት። ነጠላዋን ዘቅዝቃለች። አንገቷን ደፍታ፣ አፏን ይዛ፣ በጤዛ ላይ ቆማለች። ኀዘን የገባበት ቤት መሆኑን ለማወቅ ሌላ ምን ያስፈልጋል? ኀዘን ቤት ገብቶ ልጅ ስጡን ማለት ነውር ስለሆነ፣ ለቅሶ ሳይደርሱ ደግሞ በር ማንኳኳት ስለማይገባ፣ ሦስቱ ሽማግሌዎች ድምፃቸውን አጥፍተው ተመለሱ።

"ነጠላውን ሳላይ ነው የለበስኩት" አለች ሰሎሜ። "አንገቴን የደፋሁት... አፍሬ ነው። የመጡት ለእኔ ስለሆነ።"

ድምፅዋ መጨረሻው ላይ ተሰበረ። እየሳቀች ነው ወይስ እያለቀሰች፣ ራሷም አልለየችውም። ባንተአምላክ ሳቀ፤ ወዲያው ደነገጠና ሳቁን ዋጠ።

"እኔ ነኝ ያቆምኩሽ" አለ። "አራት ወር ሙሉ አፈር ላይ ያቆምኩሽ እኔ ነኝ።"

"ቆይ።" ይህን ጥያቄ ልትጠይቅ እንዳልመጣች ታውቃለች፤ ግን ወጣ። "እውነት ይሠራል? መቆሙ?"

ፒንሳውን ከኪሱ አወጣ፤ አንድ ጊዜ አገላበጠው፤ መደርደሪያው ላይ አስቀመጠው።

"የኮምፒዩተሩን አውቃለሁ" አለ። "የሰውን አላውቅም።"

"ታዲያ ለምን ነገርከኝ?"

"አልተኛም አልሽኝ። ሐኪም አይደለሁም፤ የተማርኩ ሰውም አይደለሁም። የማውቀው ነገር መሬትና ሽቦ ብቻ ነው። ባዶ እጄን ልሄድ አልቻልኩም።"

"አንተስ ትቆም ነበር?"

"የመጀመሪያውን ሳምንት አልቆምኩም።" ዓይኑን ዝቅ አደረገ። "አንቺ ግን ደብዳቤሽ ላይ፣ ዛሬ ዝናብ ነበር፣ አንተስ በረደህ ወይ ብለሽ ጻፍሽ። አፈርኩ። ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን አላጓደልኩም። እውነቱን ንገረኝ ካልሽ እኔን እንቅልፍ የነሣኝ እሱ ነው። ማለዳ እንዳያልፈኝ እየሰጋሁ ሌሊቱን ሙሉ ስነቃ አድራለሁ።"

ልትቆጣ ይገባት ነበር። ያ ሳምንት ብቻዋን ቆማ ነበር ማለት ነው፤ በዝናቡ፣ ጎን ለጎን ሰው ያለ እየመሰላት። ቁጣውን ፈለገችው፤ ስታገኘው ከሌላ ነገር ጋር ተቀላቅሎ እጇ ላይ ሟሟ። ያታለላት ሰው እንዲህ ሆኖ እውነት መናገሩ አሳዘናትም፣ አስደሰታትም።

ከበሩ ላይ የዱላ ድምፅ ተሰማ። ጋሽ ያየህ ናቸው። ሰሎሜን አዩ፤ ቀጥሎ እግሯን አዩ።

"ጫማ አለሽ እንዴ?" አሉ።

ነገሩን ሲሰሙ ጋቢያቸውን ወደ ላይ ሰበሰቡ። አልሳቁም።

"ስሚ ልጄ" አሉ። "እኛ በደህና ሰዎች ቤት ላይ ሞት ቆጥረን ነው የተመለስነው። ሟርተኛ ነው የሆንነው። አሁን ምን ብዬ፣ የትኛውን ፊቴን ይዤ ወደዚያ በር እመለሳለሁ? አባትሽ ራሱ ይህን ሰምቶ ኑ ካለ እመጣለሁ። እሱ ካላለ አልመጣም፤ ይህ ልጅ ቢያለቅስም አልመጣም።"

"የሴት ልጅ አባት ሽማግሌ ኑ ብሎ ይጠራል እንዴ፣ አጎቴ?" አለ ባንተአምላክ።

"አይጠራም" አሉ ጋሽ ያየህ። "እኔም የማውቀው እንደማይጠራ ነው።"

ሰሎሜ ለአባቷ የልቧን ነግራው አታውቅም። የዩኒቨርሲቲ ምርጫዋን እንኳ የነገረችው በእናቷ በኩል ነበር። ወደ መናኸሪያው ሲሸኛት ባንተአምላክ "ከከበደሽ ተዪው፤ ሌላ ዘዴ እፈልጋለሁ" አላት። ለመጀመሪያ ጊዜ በቀጥታ ዓይኑን አየችው፤ ሌላ ዘዴ እንደሌለው ከዚያ አነበበች። ሚኒባሱ ሲንቀሳቀስ ያሠጋት አባቷ አልነበረም። ያሠጋት የገዛ ዝምታዋ ነበር።

*

አቶ ፍቅረ ሥላሴ ሥራውን ያስረከበ የትምህርት ቤት ርእሰ መምህር ነው። ሰሎሜ ስትገባ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ጫማውን ቀለም ይቀባል። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የቤተሰቡን ጫማ ሁሉ እሱ ነው የሚቀባው፤ ይህን ለሰው አሳልፎ ሰጥቶ አያውቅም።

"የት ዋልሽ?"

"ሞጣ፣ አባዬ።"

ብሩሹን አላቆመም። እሷም ካልተቀመጠች እንደማትጨርሰው ስለገባት ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ከኮምፒዩተሩ ጀምራ እስከ በሩ ድረስ ነገረችው። ስለ ሽማግሌዎቹ ስትደርስ ድምፅዋ አነሰ፤ ግን አልቆመም። የሠራተኛውን ስም ተናገረች። ዲግሪ እንደሌለው ተናገረች። እንደምትፈልገው ተናገረች፤ ይህን ቃል ስትል ፊቷን ወደ አጥሩ አዞረች።

አባቷ ብሩሹን አስቀመጠ።

"እኔ ጫማ ያደረግሁት ስምንተኛ ክፍል ስገባ ነው" አለ። "እናቴ እስክትሞት አላደረገችም። ቀይ አፈር ስትረግጥ ኖራ እግሯ አብጦ፣ ሰው ፊት መውጣት አፍራ ነው የሞተችው። ልጄ አፈር አትረግጥም ብዬ ምያለሁ። አንቺ ደግሞ በየማለዳው ከመስኮቴ ሥር ጫማሽን ታወልቂያለሽ።"

"ታየኝ ነበር?"

"አራት ወር።"

"ለምን ዝም አልከኝ ታዲያ?"

የቀለሙን ቆርቆሮ ከደነ። "አንድ ዓመት ሙሉ ክፍልሽ ውስጥ መብራት ሲበራ ያድር ነበር" አለ። "እኔም አልተኛም ነበር። ምን ልበልሽ? ምን እንደሚባል አላውቅም። በኋላ ያን ነገር ጀመርሽ፤ መብራቱ ጠፋ። ማለዳ ማለዳ ወጥቼ ልቆጣ እነሣለሁ፤ መብራቱን አስታውስና መልሼ እተኛለሁ።"

ሰሎሜ ብቻዋን እንደሆነች ባሰበችበት ዓመት ሁሉ ከግድግዳው ማዶ ሌላ ነቅቶ የሚያድር ሰው ነበር። እና እሷ አልሰማችውም።

አቶ ፍቅረ ሥላሴ ጫማውን አንሥቶ አየው፤ መልሶ አስቀመጠው።

"ሦስት ሽማግሌ ከበሬ ተመለሰ" አለ ለራሱ እንደሚናገር። "ውኃ እንኳ ሳይቀምስ።"

"ጋሽ ያየህ፣ አንተ ኑ ካላልክ አይመጡም።"

"የሴት ልጅ አባት ኑ አይልም።"

"አውቃለሁ፣ አባዬ።"

ፈንታዬ ከውስጥ ለመውጣት ፈልጋ በሩ ጋ ስትቆም ይታወቃል፤ አልወጣችም።

"ሂጂ ወረቀት አምጪ" አለ በመጨረሻ። "ለያየህ እጽፍለታለሁ። ቤታችን ሞት የለም፤ እንግዳ ከበሬ ተመልሶ አያውቅም፤ ያንን ውኃ መጥታችሁ ጠጡ እለዋለሁ። ከዚያ የሚሉትን ይላሉ፤ እኔም የምለውን እላለሁ።" ጣቱን አነሣ። "እሺ አላልኩም። ልብ በይ። እሺ አላልኩም።"

"እሺ፣ አባዬ።"

ወረቀት ልታመጣ ተነሣች። ለእምቢታ ተዘጋጅታ ነበር የመጣችው፤ እምቢ ቢላት ማልቀስ ታውቅበታለች። ይህ ግን ምን እንደሆነ አላወቀችውም። ሰው እሺ ሳይል እንዴት እንዲህ ይቀርባል? ከእናቷ ጋር በሩ ላይ ተጋጠሙ፤ ፈንታዬ ዓይኗን በመቀነቷ ጫፍ እየጠረገች "ምን አለሽ?" ብላ አንሾካሾከች።

"አላውቅም፣ እማዬ" አለች ሰሎሜ፤ እውነቷንም ነበር። ያ አለማወቅ ግን እስከ ዛሬ ከምታውቀው ሁሉ ይልቅ ሞቃት ሆኖ ደረቷን ሞላው።